እጅ መስጠትና እጅ ማበደር፦ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና አማርኛ ተናጋሪው አንባቢ

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥናት ጽሑፍ ሲያነብ፣ የአንድ ቀደምት ጥናት ውጤት «ዊዝ ኤ ግሬን ኦፍ ሶልት» መወሰድ እንዳለበት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አጋጠመው እንበል። ቃላቱ አይቸግሩትም። «ግሬን» ቅንጣት ነው፤ «ሶልት» ጨው ነው። በአማርኛ ጨው ያለው ነገር የጣመ ነገር ነው፤ ለዛ ያጣ ወግም «ጨው የሌለው» ይባላል። ስለዚህ ጸሐፊው የቀደመውን ጥናት ያወደሰ ሊመስለው ይችላል። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ውጤቱ እንዳለ አይወሰድ፣ በጥርጣሬ ይታይ ማለቱ ነው። ተማሪው መዝገበ ቃላት አልገለጠም፤ የሚገልጥበት ምክንያት አልታየውምና። ከዚያም የተተቸውን ጥናት በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ እንደ ጠንካራ ማስረጃ ይጠቅሰዋል።

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ትምህርት ሲነሣ ትኩረት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ለሆኑት አባባሎች ነው። «ኪክ ዘ ባኬት»፣ ቃል በቃል «ባልዲውን መርገጥ»፣ መሞት እንደሆነ፣ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ ማለትም «ድመትና ውሻ መዝነብ»፣ ኀይለኛ ዝናብን እንደሚገልጽ የማይናገር የፈሊጥ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል። እነዚህ ግን ብዙ ጉዳት አያደርሱም። ድመት ከሰማይ ወረደ ብሎ የሚያምን አንባቢ የለም፤ ቀጥተኛው ፍቺ ስሜት ስለማይሰጥ አንባቢው ቆሞ ይጠይቃል። ጉዳት የሚያደርሱት አንባቢው ሳይጠይቅ የሚያልፋቸው፣ መልካቸው ከአማርኛ ፈሊጥ ጋር የሚመሳሰል ፍቺያቸው ግን የተለየ አባባሎች ናቸው። የትምህርቱ ትኩረትም ወደ እነዚህ ማዘንበል ይኖርበታል።

ፈሊጥና ድግግሞሹ

ፈሊጥ የሚባለው ፍቺው ከተዋቀረባቸው ቃላት የተናጠል ፍቺ ድምር የማይገኝ ሐረግ ነው። ተረትና ምሳሌ የተሟላ ሐሳብ ይዞ ራሱን ችሎ ሲቆም፣ ፈሊጥ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ እንደ አንድ ቃል ያገለግላል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚለው ሐረግ ሥራው «ችላ አለ» ከሚለው የተለየ አይደለም። ለአማርኛ በዚህ ረገድ በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ስብስብ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» ነው። አማርኛ ተናጋሪ በሰምና ወርቅ የተካነ ስለሆነ ፈሊጥ አይከብደውም የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰነዘራል፤ ይህ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው። በሰምና ወርቅ ሰሙም ወርቁም በአንድነት ሕያው ሆነው ይቆያሉ፤ ደስታው ያለውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ በመስማት ላይ ነው። በፈሊጥ ግን ሰሙ ተረስቷል። «እጅ ነሣ» የሚል ሰው እጅ ስለመከልከል አያስብም።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ፈሊጦች ምን ያህል ያጋጥማሉ? ሮዛመንድ ሙን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ኮርፐስን መሠረት ያደረገ ጥናት፣ ከመረመረቻቸው ቋሚ አባባሎች አብዛኞቹ በአንድ ሚሊዮን ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንደማይገኙ አሳይታለች። ሊን ግራንትና ሎሪ ባወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥብቅ መመዘኛ አወጡ፤ ፍቺው ፈጽሞ ከቃላቱ የማይገመተውን ብቻ «ዋነኛ ፈሊጥ» አሉት። በዚህ መመዘኛ የተገኙት 103 ብቻ ነበሩ። ግራንት በተከታዩ ዓመት 100 ሚሊዮን ቃላት በያዘው የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ ስትፈትሻቸው፣ አንዳቸውም ከ5,000ዎቹ ተዘውታሪ የእንግሊዝኛ ቃላት ተርታ የሚያስገባ ድግግሞሽ አልነበራቸውም።

ከዚህ በመነሣት ፈሊጥ መማር ጊዜ ማጥፋት ነው ማለት ግን የተሳሳተ ድምዳሜ ይሆናል። እያንዳንዱ ፈሊጥ ብርቅ ቢሆንም ፈሊጦች በጅምላ ብርቅ አይደሉም። ከዚህም በላይ ጸሐፊው ፈሊጥን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ፍርድ በሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ሲጠራጠር፣ ሲተች፣ ሲያሞግስ፣ ሲያፌዝ። በትንተናው መካከል ለዘብ ያለ ደረቅ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው፣ የሌላውን ማስረጃ መርጦ መጥቀስ ሲነቅፍ «ቼሪ ፒኪንግ» (ቼሪ የተባለውን ፍሬ እየመረጡ መልቀም) ይላል፤ አንባቢን ከዋናው ጉዳይ የሚያስት ነጥብን «ሬድ ሄሪንግ» (ቀይ ዓሣ) ብሎ ይጥለዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ ከደነገገ ወዲህ በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ፣ የሙያ ቃላትን በሚገባ ያውቃል። የሚያመልጠው የጸሐፊው አቋም ነው።

ሦስት ዓይነት፣ አራተኛም

በዚህ መስክ በብዛት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ሱዛን ኢሩሆ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመችው ጥናት ነው። ኢሩሆ እንግሊዝኛቸው ከፍ ያለ 12 የቬንዙዌላ ተማሪዎችን ይዛ፣ ፈሊጦችን ከስፓንኛ ጋር እያነጻጸረች በሦስት ከፈለቻቸው፤ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ የሆኑ፣ የሚመሳሰሉ፣ ፈጽሞ የሚለያዩ። አንድ የሆኑት ከሁሉ ቀለሉ። የሚለያዩት ከሁሉ ከበዱ፤ ሆኖም ተማሪዎቹ በእነርሱ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ብዙም አልጫኑም። የሚመሳሰሉትን ተማሪዎቹ በሚገባ ተረድተዋቸዋል፤ ራሳቸው ሲጠቀሙባቸው ግን ስፓንኛው ጣልቃ ገብቶባቸዋል።

ይህ ክፍፍል ለአማርኛም ያገለግላል። አንድ ከሆኑት መካከል «ክሮኮዳይል ቲርስ» ያለ አንዳች ለውጥ «የአዞ እንባ» ነው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መግደልም በሁለቱም ቋንቋዎች አለ። በተለይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጡት አባባሎች ለአማርኛ ተናጋሪው ያለ ድካም የተገኙ ሀብት ናቸው። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ፣ ዓይን ስለ ዓይን፣ እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ፣ እንደ ጲላጦስ እጅን መታጠብ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ ይገኛሉ። ተማሪው ይህን ሀብት ሁልጊዜ አይጠቀምበትም። ኤሪክ ኬለርማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኔዘርላንድ ተማሪዎች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች እንዳመለከተው፣ ተማሪ ፈሊጥን የራሱ ቋንቋ ብቻ ንብረት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በሌላው ቋንቋ በትክክል የሚሠራውን እንኳ አይሠራም ብሎ ይተወዋል።

ምስላቸው ተለይቶ ሐሳባቸው የሚገናኝም አሉ። «ከድጡ ወደ ማጡ» በእንግሊዝኛ ከመጥበሻው ወደ እሳቱ መዝለል ነው። «ፓይ ኢን ዘ ስካይ» የሚባለው፣ በሰማይ ያለ ኬክ መሰል ምግብ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ጆ ሂል ከደረሰው የአሜሪካ ሠራተኞች መዝሙር የወጣ ሲሆን፣ የማይጨበጥ ተስፋን ያመለክታል። ላም አለኝ በሰማይ ለሚል ሕዝብ ይህን ማስረዳት ረጅም ትምህርት አያስፈልገውም።

የኢሩሆ ክፍፍል ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእርሷ «ተመሳሳይ» ፈሊጦች ፍቺያቸው ተቀራርቦ ቃላታቸው በጥቂቱ የሚለያይ ናቸው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ያሉትን ስናነጻጽር ግን የተገላቢጦሹም በብዛት ይገኛል፤ ቃላታቸው ተገናኝቶ ፍቺያቸው የሚለያይ። እንዲህ ያለው አራተኛ ዓይነት የሚያሳስተው በመናገር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በማንበብም ጊዜ ነው፤ አንባቢው መሳሳቱንም አያውቅም።

እጅ፣ ልብ፣ ሐሞት

አማርኛ ፈሊጦቹን በብዛት የሚገነባው በአካል ክፍሎች ላይ ነው፤ እንግሊዝኛም ይህንኑ ያደርጋል። የአካል ክፍል ስሞች ደግሞ ተማሪ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት መካከል ናቸው። ወጥመዱም በዚሁ ምክንያት ከዚህ ሰፈር አይጠፋም።

በአማርኛ እጅ የሰጠ ሰው ተሸንፏል። በእንግሊዝኛ «ጊቭ ኤ ሃንድ» ማለት ማገዝ ነው፤ «ሌንድ ኤ ሃንድ»፣ እጅ ማበደር፣ የሚለውም እንዲሁ። በአንድ ዝግጅት ላይ ለተናጋሪው «ቢግ ሃንድ» ስጡ ከተባለ ደግሞ አጨብጭቡ ማለት ነው። ስለ ጦርነት ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ፣ እጅ የሰጠውን የጦር ሰፈር ቃል በቃል ከተረጎመው፣ ተከበው የነበሩት ወታደሮች ጠላትን ያገዙ ይሆናሉ። «ሃንድ ኢን ሃንድ» ቃል በቃል «እጅ በእጅ» ነው። የአማርኛው እጅ በእጅ የገበያ ቋንቋ ነው፤ ዱቤ የሌለበት፣ ዋጋው ወዲያው የሚቆጠርበት ግብይት። የእንግሊዝኛው ግን ተያይዞ መሄድን ይገልጻል፤ ድህነትና በሽታ «ሃንድ ኢን ሃንድ» ይሄዳሉ ሲባል አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይገኛል ማለት ነው። የምጣኔ ሀብት ተማሪ ይህን አገላለጽ በንግድ ጉዳይ ውስጥ ቢያገኘው ከገበያው ፍቺ ለመራቅ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቀዋል። (በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ እጀ ረጅም የሚባለው ሌባው ነው፤ በእንግሊዝኛ ረጅሙ ክንድ የሕግ ነው።)

ልብ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ሃርት» በዋነኛነት የስሜትና የርኅራኄ መኖሪያ ሆኖ ይታያል። በአማርኛ ልብ ይህንንም ቢይዝ፣ የማስተዋልና የትኩረትም መኖሪያ ነው። ልብ አለ ማለት አስተዋለ፣ ልብ ገዛ ማለት በሰለ፣ ልበ ቢስ ማለት ዝንጉ ነው። እንግዲህ «ሃርትለስ» የሚለውን ቃል የሚያነብ ሰው ልብ የለሽ፣ ማለትም የማያስተውል ሰው አድርጎ ቢረዳው አይገርምም፤ ቃሉ ግን ጨካኝ ማለት ነው። የአንድን መንግሥት ድንጋጌ «ሃርትለስ» ያለ ጸሐፊ ድንጋጌውን በግዴለሽነት ሳይሆን በጭካኔ ከሶታል፤ በሕግና በታሪክ ጥናት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ልበ ሙሉ የሆነ አማርኛ ተናጋሪ የማይፈራ ነው፤ «ኤ ፉል ሃርት» ያለው እንግሊዛዊ ግን በስሜት ተሞልቶ እንባው የቀረበ ሊሆን ይችላል። «ባይ ሃርት» የተማረ በቃሉ አጥንቷል። በአማርኛ ነገርን በልቡ የያዘ ግን አልረሳውም፤ ምናልባትም ቂም ይዟል።

«ሉዝ ዋንስ ሄድ» ራስን ማጣት ይመስላል፤ በአማርኛ ራሱን የሳተ ሰው ወድቆ ውሃ ይረጭበታል፤ በእንግሊዝኛ ግን በድንጋጤ ወይም በቁጣ ማመዛዘን አቅቶታል እንጂ ቆሟል።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ሐሞት ነው። አማርኛ ሐሞትን የጀግንነት መለኪያ አድርጎታል። ሐሞተ ኮስታራ ሰው ቆራጥ ነው፤ ሐሞቱ የፈሰሰ ወኔውን አጥቷል። በእንግሊዝኛ ሐሞት «ጎል» ይባላል፤ አንድ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ «ዘ ጎል» ነበረው ሲባል ድፍረቱ ኀፍረተ ቢስነት ሆኖ ተቆጥሯል። አማርኛ ይህን ዓይነቱን ሰው ዓይን አውጣ ይለዋል። ሁለቱም ቋንቋዎች ሐሞትን ከድፍረት ጋር አገናኝተውታል፤ አንዱ ግን ያሞግስበታል፣ ሌላው ይሰድብበታል። የቃሉን ፍቺ በመዝገበ ቃላት ያገኘና የአማርኛውን ፈሊጥ የሚያውቅ አንባቢ፣ ነቀፋውን እንደ ሙገሳ ሊያነበው ይችላል፤ እውቀቱ ራሱ አሳስቶት።

እንዲህ ያለው ስሕተት የሁለተኛ ቋንቋ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። «ቱ ቴብል» የሚለው ግስ፣ ጠረጴዛ ላይ ማኖር፣ በብሪታንያ ጉዳዩን ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካ ማቆየት፣ ወደ ጎን መተው ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ፣ የሁለቱ አገሮች መኮንኖች በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ረጅምና መራራ ክርክር እንደገጠሙና በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ እንደተገኘ ተርከዋል። እነዚያ መኮንኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለነበር አለመግባባታቸው ተገለጠ። ብቻውን ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ የሚከራከረው ሰው የለውም።

ቀጥተኛው ፍቺ ለምን ይቀድማል?

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተናጋሪ የታወቀ ፈሊጥ ሲሰማ ቀጥተኛውን ፍቺ አስቀድሞ መርምሮ ይጥላል የሚለው የቀድሞ መላምት እ.ኤ.አ. በ1979 ዴቪድ ስዊኒና አን ከትለር ባቀረቡት ሥራ ተፈትኗል፤ በእነርሱ አስተያየት የታወቀ ፈሊጥ በአእምሮ ውስጥ እንደ አንድ ረጅም ቃል ተከማችቶ ይገኛል። በሁለተኛ ቋንቋ ያለው ሁኔታ ግን የተለየ ይመስላል። አና ቼሽሊትስካ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ፖላንዳውያን የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ባሳተመችው ጥናት፣ ተማሪዎቹ ፈሊጡን አስቀድመው የሚያውቁት ቢሆን እንኳ የቃላቱ ቀጥተኛ ፍቺ በአእምሯቸው ውስጥ ጎልቶ እንደሚነሣ አመልክታለች። ለአማርኛ ተናጋሪው ይህ ማለት «ሃንድ» የሚለው ቃል እጅን፣ እጅም ከነፈሊጦቹ ሁሉ ይቀሰቅሳል ማለት ነው ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። በቀጥታ በአማርኛ ተናጋሪዎች ላይ ሊፈተን የሚገባው መላምትም ይኸው ነው።

ከሥሩ መማር

ፈሊጦች በዘፈቀደ የተደረደሩ እንዳልሆኑ ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ካሳዩ ወዲህ፣ በዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ በመነሻ ምስላቸው እየሰበሰቡ ማስተማር ተለምዷል። ፍራንክ ቦርስ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳቀረበው፣ በዚህ መንገድ የተመደቡ አባባሎች ይበልጥ ይታወሳሉ። ቁጣን እንውሰድ። አማርኛ ቁጣን እሳት ያደርገዋል፤ «ንዴት» የሚለው ስም ራሱ ከመንደድ የወጣ ነው፤ የተናደደ ሰው ይጦፋል፣ ቆሽቱ ያርራል፣ ደሙ ይፈላል። እንግሊዝኛውም በሙቀት ይገልጸዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በተከደነ ዕቃ ውስጥ ማፈን ይወዳል። «ብሎው ኦፍ ስቲም» (እንፋሎት ማስተንፈስ) የሚለው ከእንፋሎት ሞተር ዘመን የተወረሰ ነው። አማርኛው ሲቃጠል እንግሊዝኛው ይፈነዳል ቢባል ነገሩን በመጠኑ ማጋነን ቢሆንም ለተማሪ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ምስሉ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ቦርስና ሙሪየል ደመሽለር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ከመርከብና ከባርኔጣ የተወሰዱትን የእንግሊዝኛ ፈሊጦች መገመት ይበልጥ ከብዷቸዋል። ጎረቤት ለሆነው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የከበደ የባሕር ቃል ለደገኛው ገበሬ ልጅ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት አያዳግትም። «ባይ ኤንድ ላርጅ»፣ «በአጠቃላይ» ማለት የሆነው፣ ከነፋስ ጋር ከሚጓዝ መርከብ አነጋገር የወጣ መሆኑን ማወቅ ሐረጉን ከመርሳት ያድናል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ስለ ፈሊጥ ምንጭ የሚነገር ታሪክ ሁሉ እውነት አይደለም። «ሩል ኦፍ ታምብ»፣ በግምት የሚሠራበት ልማዳዊ መመሪያ፣ ባል ከአውራ ጣቱ በማይወፍር በትር ሚስቱን እንዲመታ ከፈቀደ የእንግሊዝ ሕግ መጣ የሚለው ወሬ በሰፊው ቢነገርም እንዲህ ያለ ሕግ አልተገኘም። በስንዝር፣ በጋትና በክንድ ሲለካ ለኖረ ሰው፣ በአውራ ጣት መለካት ምንጩ ሳይነገረውም ይገባዋል።

በተግባር ረገድ አማካሪዎችና የእንግሊዝኛ መምህራን ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። ተማሪው የማያውቃቸውን ሐረጎች ብቻ እንዲያሰምር ማዘዝ በቂ አይሆንም፤ አራተኛው ዓይነት ሳይሰመርበት ያልፋልና። ከዚህ ይልቅ ተማሪው ጸሐፊው ፍርድ የሰጠበትን አንድ አንቀጽ መርጦ፣ ጸሐፊው ደግፏል ወይስ ነቅፏል የሚለውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ይደረግ፤ የአካል ክፍል ስም ያለበት ሐረግ ሁሉ፣ የገባ ቢመስልም፣ በመዝገበ ቃላት ይታይ። አፈላለጉም በነጠላ ቃሉ ሳይሆን በሙሉ ሐረጉ ይሁን፤ «ጎል» ብሎ የፈለገ ሐሞትን ያገኛል፤ «ሃቭ ዘ ጎል» ብሎ የፈለገ ስድቡን ያገኛል።